ዳታቤዙ «ቀን አስገባ» ይላል፣ ሰው «የድርቁ ሰሞን» ይላል፤ ምን ላድርግ?

ደብተር ገልባጭ (ደሴ)
ጥር 14 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ40

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

የሰፈራችን ቅሬ (እድር ማለት ነው) መዝገቡን ኮምፒውተር ላይ እንዳስገባ ጠየቀኝ። «ጠየቀኝ» ያልኩት ለወግ ነው። አባቴ የቅሬው ጸሐፊ ናቸውና እራት ላይ ተነገረኝ። ሦስት ወፍራም ደብተር አለ። የመጀመሪያው በግዕዝ ቁጥር የተጻፈ ነው፤ ጠርዙን አይጥ ቀምሶታል። ሁለተኛው ላይ የሆነ ክረምት ጣሪያው አፍስሶበታል። ሦስተኛው ንጹሕ ነው፤ ከእኔ በፊት አንድ ጎበዝ ኤክሴል ላይ ገልብጦታል። የእሱን ጉድ በኋላ እነግራችኋለሁ።

እንደ ልማዴ ቴብል (ሠንጠረዥ) ሠራሁ። ስም፣ የልደት ቀን፣ ቅሬ የገባበት ቀን፣ የሞተበት ቀን። ቀን፣ ወርና ዓመት ካልተሟላ አይቀበልም። ከዚያ የጎደለውን ለመሙላት ቤት ለቤት ዞርኩ። የሰማሁትን ላካፍላችሁ።

«የ66ቱ ድርቅ ሰሞን ነው የተወለድኩት።»

«ደርግ ሲገባ ለጾም ደርሼ ነበር።»

«ከታላቄ በሁለት ዓመት አንሳለሁ።» ታላቅዎ መቼ ተወለዱ? «እሱን እሱን ጠይቀው።»

«አባቴ የሞቱት በረመዳን ነው። ክረምት ነበር፤ ጉድጓዱ ውሃ ሞልቶ ስንቀዳ ዋልን። በደርግ ጊዜ ነው።»

ወርና ቀን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው። ሲቸግረኝ ሁሉንም መስከረም 1 አልኳቸው። አሁን ግማሽ ሰፈር በእንቁጣጣሽ ተወልዷል። ይሄ ያስቃል እንጂ አይጎዳም ብዬ ነበር። ግን ቅሬው ደንብ አለው። 60 ዓመት የሞላው ሰው ድንኳን ከመትከል ነፃ ነው፣ መዋጮውም ግማሽ ይሆናል። አንዲት እናት «እኔ 60 ሞልቶኛል» አሉ። ሲስተሙ 57 ይላል። ያንን 57 የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ «ለጾም ደርሼ ነበር» ያሉትን በግምት 1960 ብዬ ነው ያስገባሁት። «ኮምፒውተርህ ከእናቴ ይበልጣል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

እናንተ እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት ነው የምታስቀምጡት?

---

የቦርከና ዳር
ጥር 14፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት

አታካብድ ወንድሜ። ውጭ የሄደው ዘመዳችን ሁሉ ወረቀቱ ላይ ጃንዋሪ 1 አይደል የተወለደው? መስከረም 1 በልና ተገላገል።

---

ሸዋበር 62
ጥር 14፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ25

እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም፤ ልጄ ናት ይህን ያሳየችኝ። ግን በቅሬ ጸሐፊነት ብዙ ዘመን ሠርቻለሁና አንድ ነገር ልበል።

በእኛ ጊዜ ሰውየው «የድርቁ ሰሞን» ካለ «የድርቁ ሰሞን» ብለን ነው የጻፍነው። ደብተር እንቢ አይልም። ጠርዙ ላይ «እህቱ እንዳለችው» ብለን እንጨምራለን። ክርክር ቢነሳ ማን ምን እንዳለ እናያለን። ያንተ መሣሪያ ሰው ያላለውን ቀን አስገድዶ አጻፈህ። እንግዲህ የትኛው ነው ዘመናዊው?

---

ደብተር ገልባጭ
ጥር 14፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ32

ጋሼ፣ ይህቺ ገባችኝ።

---

ቆጣሪው
ጥር 15፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ10

ደቡብ ወሎን ለጥናት መረጃ ሰብሳቢነት በእግሬ ዞሬዋለሁ። ደላንታ፣ ተንታ፣ ወረኢሉ። ስለ ዕድሜ መጠየቅ ትንሽ አውቃለሁ።

መጀመሪያ ለቦርከና ዳር። «ምን አለበት?» ላልከው፣ አለበት። ሰው ዕድሜውን ሲገምት 40፣ 45፣ 50 ይላል። 43 የሚል ብርቅ ነው። የሥነ ሕዝብ ባለሙያዎች ይህን የሚለኩበት የዊፕል መለኪያ የሚባል ነገር አላቸው፤ ከ23 እስከ 62 ዓመት ካሉት ሰዎች ስንቶቹ በ0 እና በ5 በሚያልቅ ዕድሜ ላይ እንደተከመሩ ያያል። ያ ክምር ቢያንስ ግምት እንደሆነ ፊቱ ይናገራል። አንተ ግን ግምቱ ላይ መስከረም 1 የሚል ማኅተም ስትመታበት፣ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚመጣው ሰው እውነተኛውን የእንቁጣጣሽ ልጅ ከፈጠርከው በምን ይለየዋል? አይለየውም። መረጃው እዚያው ሞተ።

ሁለተኛ፣ ሰዎቹ የነገሩህ ባዶ ወሬ አይደለም። አማርኛ የጊዜውን ስፋት አብሮ ይናገራል። አስተውል።

«ደሴ የተደበደበች ለት» ካለህ ቀን ነው። «የድርቁ ሰሞን» ካለህ ሳምንታት ወይም ወራት ነው። «በአጨዳ ወራት» የወቅት ነገር ነው። «በጃንሆይ ዘመን» ሲል ብዙ ዓመት ሰጥቶሃል። «ግድም» እና «አካባቢ» ከተጨመረበት ግራና ቀኙን አስፋ። ለት፣ ሰሞን፣ ወራት፣ ዘመን። ሰውየው እርግጠኛ የሆነበትን ልክ በቃሉ ውስጥ ነግሮሃል። አንተ ቃሉን ጥለህ ቁጥር ፈጠርክ።

እኛ በየወረዳው የክስተት ሰሌዳ ይዘን ነበር የምንዞረው። ለደሴ ሰው እንዲህ ያለውን ትይዛለህ፦ የሰገሌ ጦርነት፣ ጥቅምት 17 ቀን 1909። የኅዳር በሽታ፣ 1911። ጣሊያን ደሴን በአውሮፕላን የደበደበበት፣ ኅዳር 26 ቀን 1928። የወሎ ድርቅ፣ 1965 እና 66። ደርግ ንጉሡን ያወረደበት፣ መስከረም 2 ቀን 1967። ሁለተኛው ድርቅ፣ 1977። ግንቦት 20 ቀን 1983። ከዚያ «ከዚህ በፊት ነው በኋላ? ያኔ ልጅ አዝለው ነበር? ትሄጂ ነበር ወይስ ትድሂ ነበር?» እያልክ ታጠባለህ።

ሰገሌን የሚያስታውስ ሰው አሁን አታገኝም። ግን «እናቴ በሰገሌ ጊዜ ሕፃን ነበረች» የሚል ታገኛለህ፤ ያም ይጠቅማል።

---

ጠረጴዛ ሥር (ኮምቦልቻ)
ጥር 15፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ50

የምሳ ሰዓቴ ናት፤ በአጭሩ ልሞክር። አልችልም ግን።

ጋሼና ቆጣሪው መልሱን ጨርሰውታል፤ እኔ ወደ ቴብል ልመልሰው። አንድ የቀን ዓምድ በሦስት ነገር ተካ።

አንዱ «በቃላቸው» ይባል። ሰውየው ያለው እንዳለ ይገባል፤ አታርመው፣ አታሳጥረው። ሁለተኛው «ከ» እና ሦስተኛው «እስከ» ናቸው። ከዚህ ቀን በፊት ሊሆን አይችልም፣ ከዚህ ቀን በኋላም ሊሆን አይችልም። እርግጠኛ የሆንክበት ቀን ካለ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። የምታውቀው ዓመቱን ብቻ ከሆነ ስፋቱ አንድ ዓመት ነው።

ፖስትግሬስ የሚባለውን ዳታቤዝ የምትጠቀም ከሆነ «ከ» እና «እስከ» አንድ ላይ የሚይዝ ዴትሬንጅ የሚባል ዓይነት አለው። ከ9.2 እትሙ ጀምሮ፣ ማለት ከ2012 በእነሱ አቆጣጠር፣ አብሮት ይመጣል። ሁለት የጊዜ ስፋቶች ይነካካሉ ወይ? አንዱ ሌላውን ይውጠዋል ወይ? አንዱ ሙሉ በሙሉ ከሌላው ይቀድማል ወይ? የጋራቸው የቱ ነው? ይህን ሁሉ በአንድ ምልክት ትጠይቀዋለህ፤ ፍለጋ የሚያፋጥን ኢንዴክስም ይሠራለታል። አንድ ነገር ልብ በል፣ የላይኛውን ጫፍ ሳይጨምር ነው የሚያስቀምጠው። እስከ ጳጉሜ መጨረሻ ስትለው እስከ መስከረም 1 ብሎ ይጽፈዋል። ስህተት እንዳይመስልህ።

ውስጡን በፈረንጅ ቀን አስቀምጥ፣ ለሰው ስታሳይ በእኛ። «1966 ዓ.ም.» ማለት ከሴፕቴምበር 11፣ 1973 እስከ ሴፕቴምበር 10፣ 1974 ነው። አየህ፣ የእኛ አንድ ዓመት በእነሱ ሁለት ዓመት ላይ ይተኛል። «1966 ሲደመር 8» ብለህ 1974 ብቻ ካስገባህ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የተወለደው ሁሉ ዓመቱ ተሳሳተ። አቆጣጠሩንም በሌላ ዓምድ ጻፍ። ደብተር ላይ «1974» የሚል ብታይ የማን 1974? አንዱ ቀይሮት፣ ሌላው ደግሞ ያልተቀየረ መስሎት ሲቀይረው አይቻለሁ። የሰውየው ዕድሜ በአንድ ሌሊት በስምንት ዓመት ቀነሰ።

ክስተቶቹን ደግሞ በራሳቸው ቴብል አስቀምጥ። የሰውየው ረድፍ «የ66ቱ ድርቅ» ወደሚለው ያመልክት እንጂ ቀኖቹን አትገልብጥበት። ነገ ቆጣሪው መጥቶ «ድርቁ በእናንተ ሰፈር ከዚህ ወር ነው የጀመረው» ቢልህ አንድ ቦታ ታርማለህ፣ ሁሉም ይስተካከላል።

---

የቦርከና ዳር
ጥር 15፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ፖስትግሬስ ከሌለውስ? ማይኤስኪውኤል ወሩንና ቀኑን 00 ብሎ መቀበል ይችላል። 1958-00-00። አለቀ።

---

ጠረጴዛ ሥር (ኮምቦልቻ)
ጥር 15፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ15

ይችላል፤ አዲሶቹ ላይ ግን ጥብቁ አሠራር ስለሚከለክለው መጀመሪያ መከላከያውን ታጠፋለህ። ከዚያ ያንን 00 የሚያነበው ፕሮግራም ወር ዜሮ ሲያይ ይደነግጣል። ደግሞም የሚነግርህ «ዓመቱን አውቃለሁ» ብቻ ነው። «ከ1957 እስከ 1960» የሚለውን እንዴት ልትለው ነው? ፖስትግሬስ ከሌለህ ሁለት ተራ የቀን ዓምድ ይበቃሃል። ኤክሴል ላይም ይሠራል።

---

ደብተር ገልባጭ
ጥር 15፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ20

ኤክሴል አልክ? ቆይ ጉዱን ልንገርህ።

ያ ሦስተኛውን ደብተር የገለበጠው ጎበዝ ወሩን በቁጥር ነው የጻፈው። ጥቅምት 30 ቀን 1988 ለማለት 30/2/1988። ኤክሴል 2ን ፌብሩዋሪ ብሎ ነው የሚያነበው፤ እሷ 30 ቀን የላትምና ቀን አድርጎ አልወሰደውም፤ ጽሑፍ ሆኖ ቀረ። ጎበዙም ምን አደረገ? 28 አደረገው! በመዝገባችን ጥቅምት 28 ቀን ቅሬ የገባ ሰው ብዛት ጉድ ነው። ጳጉሜማ ወር 13 ስለሆነች ጭራሽ የለችም። በጳጉሜ የሞቱት ሁሉ ነሐሴ 30 ናቸው።

ስለዚህ ያን ፋይል እንደ ምንጭ አልቆጥረውም፤ ወደ ደብተሩ እመለሳለሁ።

ሌላ ጥያቄ። የመጀመሪያው ደብተር ላይ አይጥ የበላው አለ። ፲፱፻፷ ካለ በኋላ ቀዳዳ ነው። ሌላ ቦታ ደግሞ ፮ ይሁን ፯ ለመለየት ተቸገርኩ፤ የጸሐፊው እጅ ሁለቱን አንድ ዓይነት ነው የሚጥላቸው። እነዚህ «ግምት» ናቸው?

---

ባዶ ሕዋስ
ጥር 15፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ5

ግምት አይደሉም። ጻፊው በደንብ ያውቅ ነበር፤ የማታውቀው አንተ ነህ። ለዚህ የሚሆን አጻጻፍ አለ። ኢዲቲኤፍ ይባላል። በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተጀምሮ በ2019 አይኤስኦ 8601 በሚባለው ዓለም አቀፍ የቀን አጻጻፍ ደረጃ ሁለተኛ ክፍል ውስጥ ገባ። አራቱን ነገር ይለያል።

አይጥ የበላው ዲጂት ቦታ ላይ ትልቁን ኤክስ ትጽፋለህ። 196 ብለህ ኤክስ፤ ከ1960 እስከ 1969 ውስጥ አንዱ ማለት ነው። የ፮ እና የ፯ን ነገር በቅንፍ ትዘጋዋለህ፦ [1966,1967]። ከሁለቱ አንዱ እንጂ በመካከላቸው ያለ ነገር አይደለም። «ግድም» ላሉህ 1966~። ምንጩን ለምትጠራጠረው 1966?። ሁለቱም ከሆነ 1966%።

የ~ እና የ?ን ልዩነት አትናቅ። አንደኛው «ልኩ ወዲህ ወዲያ ይላል» ነው። ሌላው «ነገርየው ራሱ እውነት መሆኑን እንጃ» ነው። እህቱ «በእርግጠኝነት መጋቢት 5» ብላህ፣ አንተ እህቲቱን ካላመንካት ቀኑ ጠባብ ነው፣ ጥርጣሬው ግን ትልቅ ነው።

በሉ እኔ የመጣሁት ለሌላ ነው። ስሜን ያየ ያውቃል። «የሞተበት ቀን» ዓምድህ ባዶ ሲሆን ምን ማለትህ ነው? አልሞተም? ሞቷል፣ መቼ እንደሆነ አናውቅም? ወይስ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ይኑር ይሙት የሰማ የለም? ዳታቤዙ ለሦስቱም አንድ ነል (የባዶ ምልክት) ነው ያለው። ከዚያ «በሕይወት ያሉ አባላት» ብለህ ስትጠይቀው ባዶውን ሁሉ ያመጣልሃል። ቀኑ ላልታወቀ ሟች የመዋጮ ማስታወሻ ትልካለህ። ልጆቹ ይቀየማሉ፤ እውነታቸውን ነው።

ሁኔታውን ለብቻ ዓምድ ስጠው፦ አለ፣ ሞቷል፣ አይታወቅም። ቀኑ ሌላ ጉዳይ ነው።

---

ሲስተር ሐረጎ
ጥር 16፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ባዶ ሕዋስ ልክ ነው። በጤና መረጃ ሥራ ላይ ነኝ፤ እኛም ዘንድ ይህ ጣጣ በየቀኑ ነው። ኦፕን ኤምአርኤስ የሚባለው የሕክምና መዝገብ ሶፍትዌር ከልደት ቀን ጎን «የተገመተ ነው» የሚል ምልክት ማድረጊያ አለው። ደግ ነገር ነው፤ ከምንም ይሻላል። ግን አዎ ወይ አይደለም ብቻ ነው የሚለው። በሦስት ወር የተገመተ ሕፃንና በአሥር ዓመት የተገመተ ሽማግሌ አንድ ምልክት ነው የሚያገኙት። ለሽማግሌው ሦስት ወር ምንም አይደለም። ለሕፃኑ ግን የክትባቱ ነገር ነው።

እኔ ደግሞ የምጨምረው የሌሊቱን ነው። ለሞት ሰዓት ተጠንቀቅ ወንድሜ። አንድ ቤተሰብ «ማክሰኞ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አረፈ» ይላል። ሌላው «ለረቡዕ አጥቢያ» ይላል። አንድ ሰዓት ነው! በፈረንጁ ረቡዕ ከንጋቱ 3 ነው። አንዱ ጸሐፊ ማክሰኞ ብሎ ሲመዘግብ ሌላው ረቡዕ ይላል። አንድ ቀን ምን ያደርጋል እንዳትል። አርባው ከዚያ ነው የሚቆጠር፤ ሙት ዓመቱም። «አጥቢያ» ያለህን ሰው ስማው፤ እሱ ነው የማያሻማው።

---

ደብተር ገልባጭ
ጥር 16፣ ከቀኑ 7 ሰዓት

ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። «ሌሊት» ያሉኝን ሁሉ ዳግም ልጠይቅ ነው።

ቴብሉን እንደተባለው ቀየርኩት። እናትየዋን «ከመስከረም 1957 እስከ መስከረም 1960» አልኳቸው። ደርግ ሲገባ ለጾም ደርሰው ከነበረ ከ7 እስከ 10 ዓመት ብዬ ነው። ታዲያ አሁን «60 የሞላቸውን አምጣ» ስለው ምን ይመልስ? እሳቸው ሞልቷቸዋልም፣ አልሞላቸውምም።

---

ጠረጴዛ ሥር (ኮምቦልቻ)
ጥር 16፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ40

እሰይ፣ እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው።

እርግጥ ያልሆነ ጊዜ ካስቀመጥክ አንዱ ጥያቄህ ሁለት ይሆናል። «በእርግጥ 60 የሞላው ማነው?» እና «ሊሞላው የሚችል ማነው?» የዛሬ 60 ዓመት ጥር 1957 ነው። «እስከ» የሚለው ጫፍ ከዚያ ከቀደመ በእርግጥ ሞልቶታል። «ከ» የሚለው ብቻ ከቀደመ ሊሞላው ይችላል። ሁለቱም ከኋላ ከሆኑ አልሞላውም። እናትየዋ መካከል ላይ ናቸው።

ይህን በወጉ የጻፉት የዳታቤዝ ተመራማሪዎቹ ዳይረሰንና ስኖድግራስ ናቸው፣ በ1998 በፈረንጅ። ከዚያ በላይም ይሄዳሉ። በስፋቱ ውስጥ የትኛው ቀን ምን ያህል ይመስላል የሚለውን በዕድል ሚዛን ያስቀምጡና «ቢያንስ በዚህ ያህል እርግጠኝነት አምጣልኝ» ይሉታል። ለቅሬ ግን አያስፈልግም። ከ36 ወር ውስጥ አራቱ ብቻ ወዲያ ነው ብለህ ለእናትየዋ «ከመቶ ይህን ያህል 60 ነዎት» ልትላቸው ነው? በወንበር ነው የሚሉህ።

የትኛውን ጥያቄ እንደምትጠይቅ ዳታቤዙ አይወስንልህም፤ አንተም አትወስን። ቅሬው ይወስን። የሚጠቅም ነገር ሲሆን «ሊሆን የሚችለውን» ውሰዱ፣ የሚቀጣ ሲሆን «እርግጥ የሆነውን» ውሰዱ ብትላቸው የሚስማሙ ይመስለኛል። ድሮ በመስከረም 1 አሠራርህ ግን ይህን ውሳኔ ማንም ሳይጠየቅ አንተ ብቻህን ወስነህ ነበር።

ወንድማማቾቹን ደግሞ አትርሳ። «ከታላቄ በሁለት ዓመት አንሳለሁ» ያለው ቀን ባይሰጥህም ሰንሰለት ሰጥቶሃል። የታላቁ ስፋት በጠበበ ቁጥር የታናሹም ይጠባል። ጄምስ አለን የሚባል ሰው በ1983 ሁለት የጊዜ ስፋቶች እርስ በርስ ሊኖራቸው የሚችለውን ግንኙነት ቆጥሮ 13 ነው ብሏል፤ ይቀድማል፣ ይገጥማል፣ ይደራረባል፣ በውስጡ ነው እያለ። አንተ ሦስት አራቱ ይበቁሃል።

---

ጀማው ተራ
ጥር 16፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ10

ሁላችሁም ያን የረመዳን ሰውዬ ዘላችሁታል። እሱ እኮ ከሁሉም የተሻለ መረጃ ነው የሰጠው!

ረመዳን በእኛ ዓመት ላይ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይሸሻል። ዙሩን በ33 ዓመት አካባቢ ይጨርሳል። የዘንድሮው የካቲት መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው። ስለዚህ «ረመዳን ክረምት ላይ» የሚሆነው በየዙሩ ጥቂት ዓመት ብቻ ነው። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። በ1968 ነሐሴ ላይ ገባ። እየሸሸ እየሸሸ በ1972 ሐምሌ ላይ ዋለ። በ1973 ሰኔ መጨረሻ ገብቶ ሐምሌ ላይ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ከዋናው ዝናብ እየወጣ ወደ በጋው ሸሸ። እንደገና ክረምት ላይ የተመለሰው በ2000 ግድም ነው፤ ያኔ ደርግ የለም።

ስለዚህ አባትየው የሞቱት ከ1968 እስከ 1973 ባለው ጊዜ ነው፣ ያውም በየዓመቱ አንድ ወር ብቻ። 17 ዓመት ሙሉ የነበረው ዘመን ወደ ስድስት ወራት ወረደ። «ከረመዳኑ ስንተኛው ቀን ነበር?» ብለህ ጠይቀው፤ ከለይለቱል ቀድር በፊት ይሁን በኋላ ሳያውቅ አይቀርም። ጨረቃ በማየት ስለሚጀመር አንድ ቀን ወዲህ ወዲያ ትተውለታለህ።

---

ደብተር ገልባጭ
ጥር 16፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ22

አሁን ደወልኩላቸው። አሥራ ዘጠነኛው ቀን ላይ ነው አሉ፤ እንዴት ያውቃሉ ስላቸው «ሃያውን አብረን አልጀመርነውም» አሉኝ። ዝም አልኩ።

---

ጀማው ተራ
ጥር 16፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ30

አላህ ይማራቸው። ስድስት ቀን ብቻ ቀረህ እንግዲህ፣ በየረመዳኑ አንዲት።

---

ሌት ተቀን ኮድ
ጥር 17፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ5

ዘግይቼ መጣሁ። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፤ በራሴ ስለደረሰ።

የልደት ቀንን ከሰዓት ጋር አታስቀምጥ። ሰዓት የሌለውን ቀን «እኩለ ሌሊት» አድርገህ ከሰዓት ክልል ጋር ስታስገባው የሌለህን እርግጠኝነት ጨመርክ፤ ያ ደግሞ ይነክሳል። አንድ መሥሪያ ቤት ስሠራ መስከረም 1 ቀን 1930 የተወለዱ አዛውንት ስክሪኑ ላይ ጳጉሜ 5 ቀን 1929 ሆነው ወጡ። የምርጫ ሳጥኑ 12 ወር ብቻ ስለነበረው ጳጉሜን ሲያይ ፕሮግራሙ ተዘጋ። ሁለት ቀን ፈለግኩ።

ምክንያቱ? ሲያስገባ ከግሪኒች ሰዓት ሲደመር 3 ሰዓት ብሎ አሰላ። ሲያወጣ ደግሞ «አፍሪካ፣ አዲስ አበባ» የሚለውን የሰዓት ክልል ጠየቀ። እሱ በዓለም የሰዓት ክልል መዝገብ ላይ ወደ ናይሮቢ የሚያመለክት ስም ብቻ ነው። ናይሮቢ ደግሞ ከ1937 እስከ 1942፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ ሲደመር 3 አልነበረችም፤ በዚያ ጊዜ 2 ሰዓት ከ45 ነበረች። 15 ደቂቃ ወደ ኋላ ሲል ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ45 ሆነ፣ ቀኑም ተገለበጠ። ደሴ ተወልደው በናይሮቢ ሰዓት አንድ ዓመት ጨመሩ።

ቀን ብቻ የሚይዘውን ተራ «ዴት» ተጠቀም። ሰዓት ያለበት ዓምድ አንድ ብቻ ይኑርህ፦ አንተ መዝገቡን ያስገባህበት። ነገሩ የሆነበት ጊዜና አንተ ያወቅክበት ጊዜ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የፊተኛው ይጠረጠራል። የኋለኛውን ማሽኑ ራሱ ያውቀዋል። የቆየውን ግምት አትሰርዘው፤ አዲሱን ከቀን ጋር ከሥሩ ጻፍ።

---

ሸዋበር 62
ጥር 17፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት

እኛም አንሰርዝም ነበር። አንድ መስመር አስምረን፣ ከላይ ጽፈን፣ ፈርመን። ልጆች፣ ቀስ በቀስ ደብተሩን እየሠራችሁት ነው።

---

ደብተር ገልባጭ
ጥር 30፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ15

ሰላም። የደረስኩበትን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

እሁድ ቅሬው ስብሰባ ነበረው። ሁለቱን ዝርዝር አትሜ ሄድኩ፤ «በእርግጥ 60 የሞላቸው» እና «ሊሞላቸው የሚችል»። አርባ ደቂቃ ተከራከሩ። ከእርጅና ይልቅ ስለ ድንኳኑ ክብደት ነበር አብዛኛው ክርክር። በመጨረሻ ከድንኳን ነፃ ለመሆን «ሊሞላው የሚችል» ይበቃል ተባለ። ለመዋጮው ግን «በእርግጥ» ያለውን ብቻ ወሰኑ። እናትየዋ ድንኳኑን ተገላገሉ፣ ግማሽ መዋጮውን አላገኙም። ሲወጡ «ኮምፒውተርህ ትንሽ ተሻለው» አሉኝ።

አንድ የገረመኝ ነገር አለ። ከሽማግሌዎቹ ሁሉ «ከ» እና «እስከ» አንድ ቀን የሆነላቸው አንድ ሰው ብቻ ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም፣ የልደት ወረቀት አይተው አያውቁም። «ደሴ በአውሮፕላን የተደበደበች ለት» አሉ። ቆጣሪው እንዳለው «ለት» ነው ወይስ «ሰሞን» ብዬ ሦስት ጊዜ ጠየቅኳቸው። እናታቸው አይጠየፍ በኩል ሲሸሹ መንገድ ላይ ነው የተገላገሏቸው። ኅዳር 26 ቀን 1928። እኔ ጎበዙ መስከረም 1 ብያቸው ነበር።

የሚቀረኝ አባቴ ናቸው። የቅሬው ጸሐፊ ሆነው የራሳቸው ልደት ደብተሩ ላይ ባዶ ነው። ጠየቅኳቸው። «1953 ነው፤ ጦሳ ተራራ ሥር ገብስ ሲታጨድ» አሉ።

የበልጉ ገብስ ነው የመኸሩ?

«እሱን አያትህ ነበረች የምታውቀው» አሉ።

ጠረጴዛ ሥር፣ የ«ከ» እና «እስከ» ነገር እዚህ ጋ አልሠራልኝም። ከኅዳር እስከ ሐምሌ ብዬ ብዘረጋው መካከል ያሉት ወራት ገብስ የላቸውም። ፖስትግሬስ 14 ላይ ሁለት ሦስት የተቆራረጠ ስፋት በአንድ ሳጥን የሚይዝ መልቲሬንጅ የሚባል ነገር አገኘሁና ሁለቱንም አጨዳ ከተትኩ። አባቴ በትከሻዬ አሻግረው አዩት።

«ሁለት ጊዜ ወለድከኝ እንዴ?» አሉ።